ካቴና በይፋት ቆላ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ደሴ የሚጓዝ መንገደኛ ደብረ ብርሃንን አልፎ ጣርማ በር ሲደርስ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን ተራራው ተፈልፍሎ ወደ ተሠራው ዋሻ ይገባል። ከዋሻው ማዶ መንገዱ እየተጠማዘዘ ይወርዳል፤ ጉሙና ብርዱም በየመታጠፊያው እየሳሳ ይቀራል። ደብረ ሲና ታልፎ ሸዋ ሮቢት ሲደረስ ከፍታው 1,300 ሜትር እንኳ አይሞላም። ጋቢ ለብሶ ጣርማ በርን ያለፈ ሰው፣ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ተጉዞ፣ በይፋት ቆላ ወበቅ ጋቢውን አጣጥፎ ይይዛል። ጀውሃ ከሸዋ ሮቢት ቀጥላ፣ ስሟን ከምትጋራው ወንዝ አጠገብ፣ በዚሁ አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች። በግራና በቀኝ የማሽላው፣ የማሾውና የሽንኩርቱ ማሳ ይታያል፤ ከማሳው ወደ አስፋልቱ የሚያወጡት መንገዶች ግን በበጋ ትቢያ፣ በክረምት ጭቃ ናቸው።

ለሞተር ቢስክሌት ይህ አገር ሁለት ፈተና ያቀርብለታል። ሽቅብ ሲወጣ ሞተሩ ካቴናውን በላይ በኩል ወጥሮ የኋላውን ጎማ ይጎትታል። ቁልቁል ሲወርድና ነጂው በማርሽ ሲይዘው ደግሞ ነገሩ ተገልብጦ ጎማው ሞተሩን ይጎትታል፤ የሚወጠረውም የካቴናው የታች ወገን ይሆናል። ስለዚህ ከጣርማ በር እስከ ቆላው ባለው መንገድ የሚመላለስ ሞተር የጥርሱ ሁለቱም ጎን በተራ ይበላል። ሜዳው ላይ ሲደረስ ደግሞ ከእርሻ መንገዱ የሚነሣው ደቃቅ ትቢያ በቅባቱ ላይ ይለጠፍና በካቴናው መገጣጠሚያ ሁሉ ውስጥ እንደ ሞረድ ይሠራል።

ካቴናው በረገበ፣ በጮኸና በጥርሱ ላይ እየዘለለ መውረድ በጀመረ ጊዜ ባለሞተሩ ምን ያደርጋል? በብዙ ቦታ የታወቀው ልማድ ካቴናውን ብቻ አውጥቶ በአዲስ መተካት፣ ይህም ካልተቻለ ከአሮጌው ላይ ሁለት ቀለበት ቆርጦ ማሳጠር ነው። ካቴናው የሚጠመጠምባቸው ሁለቱ ጥርሳም ክቦች፣ የፊተኛው ትንሹም የኋለኛው ትልቁም፣ «ገና ናቸው» ተብለው ይታለፋሉ። የሙያው ሰው ይህን ሲያይ የዕውቀት ማነስ ነው ብሎ ለመፍረድ ይቸኩላል። ነገር ግን ልማዱ በባለሞተሩ ግቢ ብቻ የተወለደ አይደለም፤ የመንግሥት ዕቃ ግምጃ ቤት፣ የመለዋወጫ እጥረትና ካቴናን ለሌላ ዓይነት አገር ያሰቡ መሐንዲሶችም እጃቸው አለበት። ይህን ለመረዳት የዕቃውን ታሪክ ከሥሩ መከተል ያስፈልጋል።

ሚያዝያ 18 ቀን 1928 ዓ.ም. የማርሻል ባዶልዮ ጦር ከ1,600 በሚበልጡ ተሽከርካሪዎች ከደሴ ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ ሲገሠግሥ ያለፈው በዚሁ በይፋት ቆላ ነው። ጣርማ በር ላይ መንገዱ ተቆርጦ ስለ ጠበቀው፣ በሞተር የመጣው ሠራዊት ቆሞ ድንጋይ ሲሸከምና ሲደለድል ከቆየ በኋላ፣ ሚያዝያ 27 ቀን መናገሻ ከተማዋ ገባ። የጦር ታሪክ ጸሐፊዎች ስለዚህ ጉዞ ብዙ ጽፈዋል። ለመካኒክ ሙያ ታሪክ ግን የሚበልጠው ከጦሩ ኋላ ተከትሎ የመጣው ነው፤ መንገዱ፣ ጋራዡ፣ የጋራዡም ቋንቋ። በዚያ ዘመን የጣሊያን ጦር ይጠቀምባቸው ከነበሩት ሞተር ቢስክሌቶች አንዱ እ.ኤ.አ. ከ1932 ጀምሮ ለሠራዊቱ የተሠራው ሞቶ ጉዚ ጂ ቲ 17 ነበር፤ ኀይሉንም ወደ ኋላ ጎማ የሚያደርሰው በካቴና ነው።

ጠላት በ1933 ዓ.ም. ሲባረር ቃላቱ ቀሩ። ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ኩሽኔታ፣ ግራሶ፣ ጎሚስታ፤ እነዚህን ሳይጠራ የሚውል የኢትዮጵያ ጋራዥ የለም። «ካቴና»ም ከእነርሱ ወገን ነው። በጣሊያንኛ ማንኛውንም ሰንሰለት የሚጠራው ቃል በአማርኛ በሁለት ነገር ላይ ተወስኖ ቀረ፤ አንዱ የእስረኛ እጅ የሚታሠርበት ብረት፣ ሁለተኛው የቢስክሌትና የሞተር ሰንሰለት ነው። የመኪናን ዲፈረንሻል የፈታ ሁሉ የሚያውቃቸው «ኮሮና»ና «ፒኞን»ም ከዚያው ቋንቋ የመጡ ሲሆን፣ ጣሊያኖች የሞተር ቢስክሌትን የኋላ ትልቅ ጥርሳም ክብ ኮሮና፣ ከሞተሩ የሚወጣውን ትንሹን ደግሞ ፒኞን ይሉታል። ከዚህ በታችም በእነዚሁ ስሞች ይጠራሉ።

ካቴና ዛሬ ባለው መልኩ የአንድ ስዊሳዊ ሥራ ነው። ሐንስ ረኖልድ እ.ኤ.አ. በ1852 አራው በተባለች የስዊስ ከተማ ተወልዶ፣ በ1873 ወደ እንግሊዝ አገር ተሻግሮ በማንቸስተር ተቀመጠ። በ1879 በአቅራቢያው በሳልፎርድ ለጥጥ ፋብሪካ መኪናዎች ካቴና ይሠራ የነበረውን የጄምስ ስሌተርን ድርጅት ገዛ፤ በሚቀጥለው ዓመትም ስሙን ያስጠራውን ፈጠራ አስመዘገበ። የፈጠራው ቁም ነገር ከውጭ ለሚያየው ዓይን አይገለጥም። ከእርሱ በፊት በነበረው ካቴና ሸክሙ ያርፍ የነበረው በስስ የጎን ብረት ቀዳዳ ጠርዝ ላይ ስለ ነበር፣ ፒኑም ቀዳዳውም ቶሎ ይበሉ ነበር። ረኖልድ ፒኑን ክፍት በርሜል በመሰለ ቡሺንግ ውስጥ አስገባው፤ በቡሺንጉም ላይ እንደ ልቡ የሚዞር ሮለር አለበሰ። በዚህ ጊዜ ሸክሙ በቡሺንጉ ሙሉ ወርድ ላይ ተዘረጋ፤ ከጥርስ ጋር የሚገናኘውም ሮለሩ በመሆኑ የቀድሞው መፈተግ አብዛኛው ወደ መሽከርከር ተለወጠ።

ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1885፣ ጆን ኬምፕ ስታርሊ በኮቨንትሪ ያወጣው ሮቨር የተባለ ቢስክሌት የኋላውን ጎማ በካቴና በማዞሩ የዛሬውን ቢስክሌት መልክ ወሰነ። ሞተር ቢስክሌት ግን ካቴናን ወዲያው አልተቀበለም። በዚያው በ1885 ዳይምለር በጀርመን የሠራው ባለ ሞተር ጋሪ ብጤ በጠፍር ይዞር ነበር፤ በ1894 ለሽያጭ የቀረበው ሂልደብራንድና ቮልፍሙለር ደግሞ እንደ ባቡር በዘንግ ጎማውን በቀጥታ ይገፋ ነበር። የአሜሪካው ኢንዲያን ከ1901 ጀምሮ ካቴናን መረጠ፤ ሌሎቹ ለብዙ ዓመታት የቆዳ ጠፍር ይዘው ቆዩ። ጠፍር ዝናብ ሲነካው ይንሸራተታል፤ ሞተሮች እየበረቱ ሲሄዱም ሊሸከማቸው አልቻለም። ካቴና የነገሠው በዚህ ምክንያት ነው። ሆኖም የካቴናው ትውልድ በፋብሪካ ጣራ ሥር፣ ዘይት ቀቢ ሠራተኛ በአጠገቡ በሚቆምለት መኪና ላይ ነበር። ከጎማ አጠገብ ተንጠልጥሎ ትቢያ እየለበሰ የሚሮጥ ካቴና ሌላ ኑሮ የወጣለት ዕቃ ነው።

ይህ ልዩነት ጎልቶ የታየው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በሰሜን አፍሪካ በረሃ ነው። ጀርመኖች በዚያ ካሰለፏቸው ሞተሮች አንዱ የሆነው ቢ ኤም ደብልዩ አር 75 ካቴና አልነበረውም፤ ኀይሉ የሚተላለፈው በዘንግ ነበር። የአሜሪካ ጦር ይህን አይቶ ተመሳሳይ ሞተር እንዲሠራለት ጠየቀ፤ ሃርሊ ዴቪድሰን በ1942 ኤክስ ኤ የተባለውን ባለ ዘንግ ሞተር አንድ ሺህ ያህል ሠራ፤ ኢንዲያንም 841 የተባለውን አቀረበ። ሁለቱም ብዙ አልሄዱም። ጂፕ የተባለው ትንሽ መኪና ሥራቸውን ወሰደባቸው። መሐንዲሶቹ ግን የተቀበሉት ነገር ተመዝግቦ ቀርቷል፤ ትቢያ ባለበት አገር የተራቆተ ካቴና ለጦር አይመችም። ጦር ሠራዊት ለዘንጉ መክፈል ይችላል። ዘንግ ከባድም ውድም ስለሆነ ገበሬና ነጋዴ በሚገዛው ትንሽ ሞተር ላይ አልወረደም፤ የአገልግሎት ሞተሮች ሁሉ በካቴና ቀጠሉ።

መሐል መንገዱን ያገኙት ጃፓኖች ናቸው። ሆንዳ በ1958 ሱፐር ከብ የተባለውን ትንሽ ሞተር ሲያወጣ ካቴናውን ከዳር እስከ ዳር በመሸፈኛ ከተተው። በ1970ዎቹ ደግሞ በታዳጊ አገሮች ያሉ ነጂዎች ሞተራቸውን እንዴት እንደሚይዙ አስመርምሮ፣ ጥገና ቢጓደልበትም የሚታገሥ ሲ ጂ 125 የተባለ ሞተር በ1976 ለገበያ አቀረበ፤ የእርሱም ካቴና ሙሉ በሙሉ የተሸፈነ ነበር። ያማሃ ለእርሻ ሥራ ብሎ የሠራው ኤ ጂ 100 ተመሳሳይ መሸፈኛ አለው። እንዲህ ያለ መሸፈኛ ውበት የለውም፤ ስፖርተኛ መምሰል የሚወድ ወጣትም ሲያየው ይስቅበታል። የካቴናውን ዕድሜ ግን ከማንኛውም ቅባት ይልቅ ያረዝማል። ችግሩ ጎማ ለመለወጥ በተፈታ ቁጥር ጥቂት ብሎኖች መጨመሩ ነው፤ አንድ ጊዜ የወረደ መሸፈኛ ሳይመለስ የሚቀርበትም ጊዜ አለ።

ወደ ኢትዮጵያ ገጠር ስንመለስ ሞተር ቢስክሌት ለብዙ ዓመታት የግል ሀብት ከመሆኑ ይልቅ የመንግሥት ንብረት ሆኖ ይታወቅ ነበር። የእርሻ ባለሙያው፣ የጤና ተቆጣጣሪው፣ የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ሰው በተመደበለት ያማሃ ወይም ሆንዳ ወደ ቀበሌው ይወርድ ነበር። ሞተሩ ሲበላሽ መንገዱ የታወቀ ነው። ነጂው በሞዴል 20 ይጠይቃል፣ ሲፈቀድ በሞዴል 22 ወጪ ይደረግለታል፤ አዲሱ ዕቃ ከመጣበት ቀን አንሥቶ በሞዴል 19 ገቢ ሆኖ የተመዘገበ ነው። በዚህ አሠራር ካቴና አንድ መስመር፣ ፒኞን ሌላ መስመር፣ ኮሮና ሦስተኛ መስመር ነው። ለእያንዳንዱ መስመር የተበላሸውን ማሳየት ይጠበቃል። የረገበ ካቴና መርገቡ ለማንም ይታያል፤ ጥርሱ ሩብ ሚሊ ሜትር የተበላ ኮሮና ግን ለንብረት ሹሙ ዓይን ደኅና ብረት ነው። ሹሙ ሕግ ስለ ጠበቀ አይወቀስም። መዝገቡ ግን አብረው የሚሠሩትን ሦስት ዕቃዎች ለየብቻቸው የሚያረጁ አድርጎ ከፋፈላቸው፤ ከመዝገቡም ልማዱ ወደ ጋራዡ፣ ከጋራዡም ወደ መንደሩ ለመውረድ ቀላል ነበር።

ከ1967 እስከ 1983 ዓ.ም. በነበረው የደርግ ዘመን ደግሞ የውጭ ምንዛሪ በጥብቅ ፈቃድ የሚመደብ በመሆኑ፣ መለዋወጫ ማግኘት ራሱን የቻለ ሙያ ሆነ። በዚያ ጊዜ ኮሮናን ገልብጦ መግጠም፣ የተበላ ጥርስ በብየዳ መሙላትና በሞረድ ማስተካከል፣ ከሁለት አሮጌ ካቴና አንድ ማውጣት ሙያተኛ የሚከበርበት ብልሃት ነበር። ብልሃቱን ማቃለል አይገባም፤ ኮሮናን መገልበጥ በተለይ መሠረት ያለው ነገር ነው። ሞተሩ ሲጎትት የሚበላው የጥርሱ አንድ ጎን ስለሆነ፣ ሲገለበጥ ያልተነካው ጎን ወደ ሥራ ይመጣል። ሆኖም ዘዴው ሜዳ ለሜዳ ለሚሄድ ሞተር እንደሚጠቅመው ከደብረ ሲና ቁልቁል በማርሽ ተይዞ ለሚወርድ አይጠቅመውም፤ የእርሱ ጥርስ በሁለተኛውም ጎን ተቀምሷልና።

ባለፉት ሃያና ሠላሳ ዓመታት ነገሩ ተለወጠ። የሕንድና የቻይና ትንንሽ ሞተሮች በግለሰብ እጅ ገቡ፤ ባጃጅ፣ ቲ ቪ ኤስ፣ ሊፋን የሚሉት ስሞች በየገበያው የታወቁ ሆኑ። (ባለ ሦስት እግሩ ባጃጅ ካቴና እንደሌለውና ኀይሉን በዲፈረንሻልና በዘንግ እንደሚያስተላልፍ በዚህ አጋጣሚ ማስታወስ ይገባል፤ ስለዚህ ከባጃጅ ሾፌር ስለ ካቴና ምክር የሚጠይቅ የተሳሳተ ደጃፍ አንኳኳ።) ከሞተሮቹ ጋር ካቴናን፣ ፒኞንንና ኮሮናን በአንድ ካርቶን ያሸገ የመለዋወጫ ስብስብ መጣ። ሦስቱ በአንድ ዋጋ ሲሸጡ የንብረት መዝገቡ የለያያቸው ነገሮች እንደገና ተገናኙ። ልማዱ ግን ከካርቶኑ ቀድሞ የደረሰ ስለሆነ ካርቶኑን አስከፍቶ ካቴናውን ብቻ ለመግዛት የሚከራከር ደንበኛ አይጠፋም።

ከሕንድ ሞተሮች ጋር የመጣ አንድ ሌላ ነገርም አለ። በኋላው ጎማ በግራ በኩል የሚታየው የብረት ፍርግርግ ብዙ ሰው ለጌጥ የተደረገ ይመስለዋል። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው የሕንድ የሞተር ተሽከርካሪ ደንብ፣ ከኋላ የተቀመጠ ሰው ልብስ በጎማው እንዳይያዝ የጎማውን ግማሽ የሚሸፍን መከላከያ እንዲኖር ያዛል፤ ምክንያቱ በጎን የምትቀመጠው ሴት የምትለብሰው ሳሪ ነው። ሳሪ በይፋት የለም። ሽርጥና ነጠላ ግን አለ፤ የእሑዱን የሰንበቴ ገበያ ያየ ሰው በሞተር ኋላ ተቀምጦ ጫፉ ከካቴናው በላይ የሚውለበለብ ልብስ ምን እንደሚያሠጋ ለመገመት አይቸገርም። ይህን ፍርግርግና የካቴናውን መሸፈኛ «ይንኳኳል» ብሎ ፈትቶ መጣል የሰው እግር ማስያዝ ነው።

እንግዲህ ክርክሩ ወደሚቋጭበት ወደ ቁጥሩ እንምጣ። በትንንሾቹ ሞተሮች ላይ በብዛት የሚገኘው ካቴና 428 ይባላል። የመጀመሪያው ቁጥር የካቴናውን እርምጃ፣ ማለት ከአንዱ ፒን መሐል እስከ ሚቀጥለው ፒን መሐል ያለውን ርቀት በኢንች ስምንተኛ ይነግራል፤ አራት ስምንተኛ ግማሽ ኢንች፣ ወይም 12.7 ሚሊ ሜትር ነው። የቀሩት ቁጥሮች የውስጥ ወርዱን ያመለክታሉ። አዲስ ካቴና ተወጥሮ ሃያ እርምጃ ሲለካ 254 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ያው ሃያ እርምጃ 259 ሚሊ ሜትር ከደረሰ ካቴናው በመቶ ሁለት ረዝሟል፤ ዘመኑንም ጨርሷል። «ተሳበ» ይባላል እንጂ ብረቱ አልተሳበም። በእያንዳንዱ መገጣጠሚያ ፒኑና ቡሺንጉ ተበልተው ሩብ ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ስለ ፈጠሩ ነው። 118 ቀለበት ባለው ካቴና ይህ ሲደመር ከሁለት ቀለበት ርዝመት የሚበልጥ 30 ሚሊ ሜትር ይሆናል።

ሁለት ቀለበት ቆርጦ የሚያሳጥር ሰው ይህን ትርፍ ርዝመት አስወገደ እንጂ የቀሩት 116 ቀለበቶች እርምጃቸው 12.95 እንደሆነ ነው። ጥርሶቹ የተቆረጡት ለ12.7 ነው። ስለዚህ ካቴናው በጥርሱ ሥር መተኛት ስለማይችል ወደ ጫፉ ይወጣል፤ ሲወጣም ጥርሱን እንደ ማጭድ አጉብጦ ይቀርጸዋል። አሁን በዚህ በጎበጠ ጥርስ ላይ አዲስ ካቴና ቢገጠም ስሕተቱ ይገለበጣል። ትክክለኛ እርምጃ ያለው ካቴና ከአሮጌው ጋር አብሮ ከተበላ ጥርስ ጋር ሲገናኝ፣ በብዙ ጥርሶች መከፈል የነበረበትን ሸክም አንድና ሁለት ጥርስ ብቻ ይሸከመዋል፤ ሮለሩም ከጎበጠው ጥርስ በተላቀቀ ቁጥር ይመታል። ገንዘብ ቆጥቤ ካቴና ብቻ ገዛሁ ያለ ሰው አዲሱን ካቴና በአሮጌው ጥርስ አስረጀው፤ ሁለተኛ ጊዜ ሲገዛም ሦስቱንም ለመግዛት ይገደዳል። በመቁጠሩ አልተሳሳተም፤ የተሳሳተው ሦስት ዕቃ አድርጎ መቁጠሩ ላይ ነው።

ከካቴናው ሁሉ ይልቅ ቶሎ የሚያልቀው ፒኞን ነው፤ ምክንያቱም ግልጽ ነው። ፒኞኑ 14፣ ኮሮናው 42 ጥርስ ቢኖራቸው፣ ኮሮናው አንድ ጊዜ ሲዞር ፒኞኑ ሦስት ጊዜ ይዞራል፤ እያንዳንዱ ጥርሱም ሦስት እጥፍ ይሠራል። ዳሩ ግን ፒኞን ከሽፋን በስተጀርባ ተደብቆ ስለሚኖር ማንም አያየውም። በዓይን የሚታየው ኮሮና ደኅና ስለመሰለ ብቻ ሁሉም ደኅና ነው ተብሎ የሚፈረደው በዚህ ነው።

ሥራው በቤት የሚሠራ ነው። ትልቅ ጋራዥ አያስፈልገውም፤ በጀውሃ ባለ አንድ ግቢ የጥላ ዛፍ፣ ሞተሩን ከሥር ደግፎ የኋላ ጎማውን ከመሬት የሚያነሣ ጠንካራ ሣጥን፣ ልክ መፍቻዎች፣ ፒንሳ፣ መዶሻና አንድ ሳፋ ላምባ ይበቁታል። የሥራው ቅደም ተከተል ግን ይከበራል። ጀማሪ ሰው መጀመሪያ ካቴናውን አውልቆ በኋላ የፒኞኑን ብሎን ለመፍታት ሲታገል ፒኞኑ አብሮት ይዞራል። ልምድ ያለው አሮጌው ካቴና ገና እንደ ተገጠመ ማርሽ አስገብቶ፣ ሌላ ሰው የኋላ ፍሬኑን እንዲረግጥለት አድርጎ፣ ብሎኑን አስቀድሞ ያላላዋል። በቤት ውስጥ ያለ ልጅ ለዚህ ሥራ ብቁ ረዳት ነው፤ ፍሬን ከመርገጥ ጀምሮ ሙያ የተማረም ብዙ ነው።

ቀጥሎ የመገናኛው ቀለበት መቆለፊያ በፒንሳ ይወጣል። አሮጌውን ካቴና መዝዞ ከመጣል ይልቅ የአዲሱን ጫፍ ከአሮጌው ጋር አያይዞ መሳብ በሽፋኑ ውስጥ ለማሳለፍ ያቀላል፤ ይህ ግን ፒኞኑ ከተለወጠ በኋላ የሚደረግ ነው። ጎማው ወጥቶ ኮሮናው ሲፈታ፣ ብሎኖቹን የሚይዙት የታጠፉ ስስ ብረቶች ተቃንተው ይነሣሉ፤ ሲመለሱም በአዲስ ቢተኩ ይመረጣል። ኮሮናው በተቀመጠበት ውስጥ የመንገጫገጩን ኀይል የሚያለዝቡ ጎማዎች አሉ፤ ተፈርክሰው ከሆነ አዲስ ኮሮና ቢገጠምም በእያንዳንዱ የቤንዚን አሰጣጥ ካቴናው ይንጋጋል። ጉድጓድ የሞላበት መንገድ ሲለመድ እነዚህን መፈተሽ ይረሳል፤ ሥራው ሁሉ ካለቀ በኋላ «አሁንም ይመታል» የሚል ስሞታ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው።

መቆለፊያው ሲመለስ ድፍኑ ጫፉ ካቴናው ወደሚሄድበት አቅጣጫ መዞር አለበት። ተገልብጦ ከገባ፣ ክፍቱ ጫፍ አንዳች ነገር ሲነካው ይወልቃል። የጣርማ በርን ዳገት ሲወጡ የወለቀ ካቴና ሞተሩን ያቆማል፤ ሲወርዱ የወለቀ ግን በፒኞኑ ላይ ተሰብስቦ ሊነክስ፣ የሞተሩን ቤት ሊሰብር ወይም የኋላ ጎማውን በድንገት ሊቆልፍ ይችላል። ጎማ የተቆለፈበት ነጂ በዚያ መታጠፊያ ላይ ለመምረጥ ጊዜ የለውም። በጥፍር የሚያህል ብረት አቅጣጫ ላይ ይህን ያህል መጨነቅ ከልክ ያለፈ ጥንቃቄ የሚመስለው ሜዳ ላይ ተቀምጦ ለሚሠራ ብቻ ነው።

የመጨረሻው ሥራ ርግበቱን ማስተካከል ነው። ለእነዚህ ትንንሽ ሞተሮች በሁለቱ ጥርሳም ክቦች መሐል ካቴናው በጣት ሲነሣና ሲወርድ ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር እንዲጫወት በአብዛኛው ይታዘዛል፤ ትክክለኛው ልክ በአምራቹ መጽሐፍ ይገኛል። ጎማው እየዞረ ካቴናው በጣም በሚወጠርበት ቦታ ላይ ነው መለካት ያለበት። በሹካው ግራና ቀኝ ያሉት ምልክቶችም እኩል ይሁኑ፤ ካልሆኑ ጎማው ጠማማ ሆኖ ካቴናው የጥርሱን ጎን ይፈትጋል። ብዙ ሰው «ከላላ ይዘላል» ብሎ እንደ ክራር ክር ይወጥረዋል። ማሽላ የተጫነበት ወይም ሁለት ሰው የተቀመጠበት ሞተር ግን ወደ ታች ሲል ካቴናው ይበልጥ ይወጠራል፤ መላላት ተነፍጎት ከቀረም ሸክሙ በሞተሩ ውስጥ ባለው ኩሽኔታ ላይ ያርፋል።

ቅባቱ ላይ ክርክር አለ። ከሞተር የወጣ የተቃጠለ ዘይት በነጻ ስለሚገኝ የተወደደ ነው፤ ነገር ግን ከሞተሩ ያመጣውን የብረት ብናኝ ይዞ ይመጣል። ግራሶ ከላይ ሲቀባ ወደ ፒኑ አይገባም፤ ትቢያውን ግን ይሰበስባል። የተሻለው ካቴናውን በላምባ አጥቦ፣ ካደረቁ በኋላ ቁጥሩ 90 የሆነ የማርሽ ዘይት በውስጥ በኩል ጥቂት ጥቂት አንጠባጥቦ፣ ትርፉን በጨርቅ መጥረግ ነው። ይህ ሲሠራ ጎማው በእጅ ይዞራል። ሞተሩን አስነሥቶ ማርሽ ውስጥ አስገብቶ ጨርቅ ማስጠጋት ፈጣን ይመስላል፤ ካቴናና ኮሮና በሚገናኙበት ቦታ ጣት የሚቆረጠው በዚህ ፍጥነት ነው።

ሁሉ ተጠናቅቆ ሞተሩ ከሣጥኑ ሲወርድ፣ አዲሱ ካቴና በመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች ውስጥ ጥቂት ይረግባል፤ ይህ ጉድለት ሳይሆን ፒኖችና ቡሺንጎች ተፋትገው ቦታቸውን መያዛቸው ነው። ባለሞተሩም ወደ ሸዋ ሮቢት ጥቂት ጊዜ ተመላልሶ፣ በአንድ የበዓል ጠዋት መፍቻውን ይዞ ወደ ዛፉ ጥላ ይመለሳል፤ ርግበቱን እንደገና ይለካል፤ የጎማውን ዘንግ ያጠብቃል። አሮጌዎቹ ሦስት ብረቶች በአንድ ሽቦ ታስረው በግድግዳው ምስማር ላይ ተሰቅለዋል፤ የጎበጠው የፒኞን ጥርስም በዚያ ለሚያየው ሁሉ ግልጽ ሆኖ ይታያል።